ዘጠነኛው ውሃ

ከመሃል ለገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔና ዌን ዱንሊ የተዋወቅነው በጠብ ነው።

አባቴ በቻውጆ አሮጌው ከተማ፣ ከፎቆቹ ሰገነት ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆምባት የምትጠብ የሻይ ሱቅ አለችው። የምንሸጠው የዕለት ሻይ ነው። ዓሣ ሻጩ፣ ባለ ሞተሩና ጡረተኛው መምህር ጠዋት ማታ የሚጠጡት፣ ግማሽ ኪሎው ዘጠና ዩዋን የሆነ ኡሎንግ። ዱንሊ ደግሞ የፌንግኋንግ ተራራ ልጅ ነው። የእነሱ ዛፎች ቅድመ አያቶቻቸው የተከሏቸው ናቸው፤ የእያንዳንዱ ዛፍ ቅጠል ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይቆላል፣ ግማሽ ኪሎው ስድስት ሺህ ዩዋን ይጠራል። እንግዲህ የእሱ ቤትና የእኔ ቤት ያላቸው ርቀት የአርባ ኪሎ ሜትር ዳገት ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

የተጣላን ቀን አንድ ከሰሜን የመጣ ቱሪስት ሱቃችን ገብቶ "ለቢሮዬ በጣም ውዱን ፈልጊልኝ" አለኝ። በምን እንደሚጠጣው ስጠይቀው ከቦርሳው ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ አወጣ።

"በዚህ ጠዋት ዘፍዝፈህ እስከ ማታ ልትጠጣው ውድ ሻይ ብትገዛ ልብስህን በሽቶ እንደማጠብ ነው። የዘጠናውን ውሰድና በቀረህ ገንዘብ ምሳ ብላ" አልኩት።

ከኋላው የሻይ ከረጢት ይዞ የቆመ አንድ ረጅም ወጣት፣ ዱንሊ ራሱ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "እህት፣ የሰው ገበያ ትዘጊያለሽ እንዴ?"

"ገበያህ በእኔ አንድ አፍ የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያውንም አልተከፈተም።"

በማግስቱ ስምንት ግራም ሻይ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ መጣ። "መጀመሪያ ቅመሺ፤ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ" አለኝ።

ሁለት ክዳን ያላቸው ስኒዎች ደረደርን። ስምንት ግራም የእሱ፣ ስምንት ግራም የእኔ፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ የሚፈላ ውሃ። በዚያው ቅጠል ላይ ውሃ በተጨመረ ቁጥር አንድ ውሃ ብለን እንቆጥራለን። እስከ ሦስተኛው ውሃ ድረስ የእኔ ሻይ ቀና ብሎ ሄደ፤ ማንም አያፍርበትም። አምስተኛው ላይ ደከመው። ሰባተኛው ላይ አለቀለት። የእሱ ግን አሥረኛው ላይ እንኳ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ማር ማር የሚል ነገር ነበረው። በጣም ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ግሩም ነበር።

"እሺ" አልኩት፤ "የእኔ ሰባት ውሃ፣ ያንተ አሥራ አምስት ይደርሳል። እጥፍ ነው እንበል። ዋጋው ግን ስልሳ ስድስት እጥፍ ነው! ደግሞስ አሥራ አምስት ውሃ እስኪያልቅ ቁጭ የሚል ማን ነው?"

ዱንሊ ስኒውን በጣቶቹ አዞረ። "መነሳት የማይፈልጉ ሁለት ሰዎች" አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ ሻይ ሊያወርድ ሲመጣ፣ አሥራ አምስት ውሃ አብረን ጠጥተናል። አባዬ ከጀርባችን ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ ያነብ ነበር።

ይኸውላችሁ፣ አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ያለፈው እሁድ ዝናቡ የሰማይ በር የተከፈተ ይመስል ነበር። ገበያ አልነበረም። እኔና አባዬ ዱንሊ የሰጠኝን ሻይ አፍልተን እየጠጣን ዘጠነኛው ውሃ ላይ ደርሰናል። በሩ ተከፈተና ዱንሊ ገባ። እሁድ መምጣቱ እንግዳ ነገር ነው። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጫማው ይንቦጫረቃል፣ ዓይኑ ግን የሆነ ነገር ሊናገር የቸኮለ ሰው ዓይን ነበር። ልቤ ዘለለ። በእኛ አገር ገበታ ላይ ጠጪው ስንትም ይሁን ስንት የሚቀመጠው ሦስት ስኒ ነውና ሦስተኛዋ ባዶዋን ትጠብቅ ነበር። እሷን ሞላሁና በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ስኒው ውስጥ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣው፣ ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ። በዚህ በኩል ሳልፍ ነው" አለና ወጣ።

በዚያ ዝናብ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ በዚህ በኩል ሲያልፍ!

አባዬ ጋዜጣውን አጠፈ። "አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል?"

"ምን አደረግኩ?"

"ቅጠሉን አልለወጥሽም።"

እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። እኛ ዘንድ ሻይ ተጀምሮ ሰው ከገባ፣ አሮጌው ቅጠል ይደፋል፣ አዲስ ይጨመራል፣ ለመጣው ሰው እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። የነጣ ሻይ ለገባ ሰው መስጠት "ለምን መጣህ፣ ሂድልኝ" ማለት ነው፤ አፍ እንኳ አያስፈልገውም። እኔ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለሚመጣው ሰውዬ ሳይቀር ነው የምለውጠው!

"ታዲያ ለምን አልለወጥሽም?" አለ አባዬ።

"አላውቅም።"

እውነቴን ነው። አላውቅም ነበር። ስልክ ደወልኩ፣ ዘግቶታል። ጻፍኩ፣ አይመልስም። ረቡዕ ጠዋት የተራራው አውቶብስ ሾፌር አንድ የታጠፈ ወረቀት ሱቁ ድረስ አመጣልኝ። ሻይ የሚጠቀለልበት ነጭ ወረቀት ነው፤ ውስጡ ተጽፎበታል።

"ሱዪን፣
እሁድ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። እናቴ ጓንግጆ ከተማ ሱቅ እንድይዝላት ትፈልጋለች። የሕንፃው ባለቤት ሴት ልጅ አለችው፤ የቀረውን አንቺ ጨርሽው። እኔ 'እምቢ' ብዬ ለመቆም ካንቺ አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንቺ ግን ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ። የራሴን ሻይ፣ ጣዕሙን ሌላ ሰው ከጠጣው በኋላ፣ ነጥቶ ሰጠሽኝ። አልቀየምሽም፤ በአፍ ከመናገር ይሻላል ብለሽ ይሆናል። ሐሙስ ወደ ጓንግጆ እወርዳለሁ።
ዱንሊ።
እስከ መጨረሻው ጠጥቼዋለሁ። ይህን እወቂልኝ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። ሚዛኑ ላይ ለዓሣ ሻጩ ሻይ እየመዘንኩ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ሰውዬውም ግራ ገብቶት "ልጄ፣ ዋጋው ጨመረ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አባዬ ሚዛኑን ከእጄ ወሰደ። "እጥፍ አድርገሽ ሰጠሽው እኮ። በዚህ አያያዝሽ እስከ ነገ ሱቁን ትዘጊልኛለሽ። ሂጂ፣ ተራራውን ውጪ።"

"ሄጄ ምን እላለሁ? ለምን እንዳደረግሁት እንኳ አላውቅም!"

"መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው። እያሰብሽ ትሄጃለሽ።" ከመደርደሪያው የዘጠናውን ሻይ አንድ ጥቅል አወረደና እጄ ላይ አኖረው። "ባዶ እጅ አይኬድም።"

"አባዬ! የስድስት ሺህ ዩዋን ሻይ ወዳለበት ቤት የዘጠና ዩዋን ሻይ?"

"ያለን ይኼ ነው። የሌለንን መስለን የሰው ደጅ አንረግጥም" አለ። አቅፎኝም አያውቅ፣ ያን ቀን ግን ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ያቺ ጨበጥ እስከ ተራራው ጫፍ ትከሻዬ ላይ አብራኝ ሄደች።

የለቀማ ሰሞን ነበር። መንደሩ በሙሉ አበባ አበባ ይሸታል፤ በየጣሪያውና በየደጃፉ ቅጠሉ በቀርከሃ ሰፌድ ተሰጥቶ የከሰዓቱን ፀሐይ ይሞቃል። የዱንሊ እናት እትዬ ቺዩላን ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ሻይ ይጠጣሉ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፣ ጣቶቻቸው በቅጠል ጭማቂ ጠቁረዋል። ከዚህ በፊት አግኝቻቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ማን እንደሆንኩ ሳልናገር አወቁ።

እንዳዩኝ ወዲያው ስኒያቸው ውስጥ የነበረውን ቅጠል መድፊያው ሳህን ላይ ገለበጡት። ስኒዎቹን በፈላ ውሃ አጠቡ፣ ቆርቆሮ ከፈቱ፣ ከአሮጌው ዛፍ አዲስ ቅጠል ጨመሩ። አንድም ነገር አላጎደሉም። እንዲህ ያለ ክብር ተደርጎልኝ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜም እንደዚያው።

"ዱንሊ ላይኛው ዛፍ ዘንድ ነው። ተቀመጪ" አሉ። "የእኛን ሻይ ሽቶ ነው የምትዪው አንቺ ነሽ?"

"በጠርሙስ ለሚዘፈዝፍ ሰው ነው ያልኩት፣ እትዬ።"

"አፍም አለሽ።" ያመጣሁትን ጥቅል ፈተው አሸተቱ። "እስቲ ዙሪ ወደዚያ።"

ዞርኩ። ስኒ ሲንቃጨል ሰማሁ። ስመለስ ሁለት አንድ ዓይነት ነጫጭ ስኒዎች ፊቴ ተቀምጠዋል። ቀመስኳቸው። ግራው የእኛ፣ ቀኙ የእሳቸው ነው አልኩ።

"እሱንማ ድመቴም ትነግረኛለች። እኔ የምጠይቅሽ ዋጋውን ነው። ይኼኛው የዚያኛውን ስልሳ ስድስት እጥፍ ያወጣል? ልጄ ቁጥሯን ካንቺ ለቅሞ ቀንና ሌሊት ያላዝንብኛል። አዎ ወይስ አይ?"

አዎ ብል አጎብዳጅ፤ አይ ብል ባለጌ። ከዚያ የአባዬ ጨበጥ ትዝ አለችኝ።

"እስከ ሦስተኛው ስኒ አያወጣም፣ እትዬ። ጠጥቶ ለሚሄድ ሰው የእኛን ነው የምሸጥለት፤ ገንዘቡን አያባክን። ከሰባተኛው በኋላ ግን የእኛ ይደክመዋል፣ የእናንተ ገና ጨዋታውን ይጀምራል። ስለዚህ ስልሳ ስድስት እጥፍ የሚያወጣው ለሚቆይ ሰው ነው። ለማይቆይ ሰው ዘጠናውንም አያወጣ።"

ከዚያ የሆነ ነገር ከሆዳቸው ተነስቶ ትከሻቸውን ነቀነቀውና ሳቁ።

"ምስጢር ልንገርሽ? እኔ ራሴ አልጠጣውም።" ከወንበራቸው ሥር አሮጌ ቆርቆሮ ጎትተው አሳዩኝ። ሲለቀም የተጣለ ቢጫ ቢጫ ቅጠልና እንጨት እንጨት የሚል ጭራሮ ነበር። "ሠላሳ ዓመት ይኼን ነው የጠጣሁት። ቅድም የደፋሁት እሱን ነው። ያኛው የእንግዳና የገበያ ነው። የአባትሽ ግን ክፉ አይደለም፣ ከእኔ ግርድ ይሻላል። በይ እሱኑ እንጨርስ።" የአሮጌውን ዛፍ ሻይ ወደ ጎን ገፉትና በእኛው ቅጠል ላይ ውሃ ሞሉ።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን እስከ ስድስተኛው ውሃ ሄድን። ስለ ዝናብ አወሩኝ፣ ስለ ለቃሚ ደመወዝ አወሩኝ። እኔ ሞኟ ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ሰፋ ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ምላስሽን ወድጄዋለሁ፤ ውሸት የለበትም። ልጄን ግን አልሰጥሽም።"

"እትዬ..."

"አርባ ኪሎ ሜትር በዝናብ የወረደ ልጅ የሞተ ሻይ ቀድተሽለት፣ ተመልሶ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ይኼን እናት አትረሳም። ለምን? ንገሪኝ። ንቀሽው ነው? ሰልችተሽው ነው?"

"አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ሁለት ሰዓት አውቶብስ ላይ አስቤ ያላገኘሁትን መልስ አፌ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም። "አላውቅም" አልኩ።

በዚህ መሃል ዱንሊ ቅርጫት በጀርባው ይዞ ከላይኛው መንገድ ወረደ። ሲያየኝ ቆመ። ጆሮው ቀላ። ቅርጫቱን አወረደ፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አወረደው። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ከፊቴ ተቀመጠ። ዓይኔን አያየኝም፤ ጣቶቼን ግን ያያል።

እናቱ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። "አላውቅም ብሎ መልስ አለ? ሰው የሚያደርገውን አያውቅም?" እያሉ እኔን መቆጣታቸውን ሳያቋርጡ፣ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያውን አንስተው ውሃ ጨመሩ፣ ሦስተኛዋን ስኒ ሞሉና ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉለት። ስምንተኛው ውሃ ነበር። መልኩ ከመንጣቱ የተነሳ የስኒው ቂጥ ይታያል። ዱንሊ አነሳውና ጠጣው።

እኔ ስኒውን አፍጥጬ አየሁት።

"እትዬ" አልኩ፤ "ቅጠሉን አልለወጡለትም።"

"ለማን?"

"ለዱንሊ። አሁን እኮ ነው የገባው።"

"ለእሱ?" እትዬ ቺዩላን በጣም ተገረሙ። "ለእሱ ደግሞ ምን በወጣኝ እለውጣለሁ? ልጄ አይደል እንዴ! የቤት ሰው ሲገባ ቅጠል የሚለውጥ..."

አልጨረሱትም። የስኒው ክዳን በእጃቸው እንደተያዘ ቀረ።

እኔ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ ያዘኝ። "ዱንሊ" አልኩት፤ "ለቆጣሪ አንባቢው እለውጣለሁ። ለዚያ ባለ ጠርሙስ ቱሪስት ለውጫለሁ። አክስቴ ስትመጣ እንኳ እለውጣለሁ። አንተ በዚያ ዝናብ ስትገባ ግን ሰው መጣ አላልኩም። ዱንሊ ገባ ነው ያልኩት። ቤትህ የገባህ ነው የመሰለኝ። እንግዳ መሆንህ ጭራሽ ትዝ አላለኝም! እኔ አላወቅሁም፤ እጄ ቀድሞኝ አውቆ ነው።"

ዱንሊ አሁን ዓይኔን አየኝ። ያ አንድ ዓመት ሙሉ ከስኒው በላይ ያየኝ የነበረ ዓይን ተመለሰ።

"ዘጠነኛው ውሃ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

"ቆጥረኸዋል?"

"ገና ስቀምሰው አወቅኩት። የዛፌን ዘጠነኛ አላጣውም። ጨርሳኛለች፣ ትራፊዋን እየሰጠችኝ ነው ብዬ..."

"ጅል! ቁጭ ብትል አሥረኛውን ትጠጣ ነበር!"

ሳቀ። እንባውን በእጅጌው ጠረገና እንደገና ሳቀ፤ እኔም አብሬው። በሕይወቴ ከዚያች ደቂቃ ይልቅ አንድን ሰው አብልጬ የወደድኩበት ጊዜ የለም፤ ምን ብዬ እደብቀዋለሁ?

"በል ጠይቀኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"እሁድ ልትጠይቀኝ የመጣኸውን።"

"እናቴ ፊት?"

"አባቴ ፊት ልትጠይቀኝ አልነበር?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ነገ ጓንግጆ... እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አትሂድ።"

"እሺ" አለ፤ ወደ እናቱም ዞሮ "እማ፣ ሰምተሻል" አላቸው።

እትዬ ቺዩላን ክዳኑን ስኒው ላይ ጣሉት። አዎም አላሉ፣ አይም አላሉ። ተነስተው ፀሐይዋን አዩና "ስታለቃቅሱ ቅጠሉ ይደርቅብኛል። ተነሱ!" ብለው ሄዱ።

ሦስታችንም ሰፌድ ማስገባት ያዝን። ሰፌዱ ከእኔ ይሰፋል፤ በሩ ላይ ተጋጨሁ፣ ቅጠል አፈሰስኩ። ዱንሊ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል፤ መንገዱ ሰፊ ነበር። ልቤ ግን ገበታው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የዱንሊ እሺታ እጄ ገብቷል፤ የእናቱ ግን አልገባም። እናቱ ያልፈቀዱለት ልጅ ይዤ ከዚያ ተራራ መውረድ አልፈልግም ነበር። ተነጥቆ የመጣ ሰው ሆኖ ሱቃችን ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

እጄንና ፊቴን ቧንቧው ላይ ታጥቤ ስመለስ እናትና ልጅ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ውሃው እንደገና ፈልቷል። የእኔ ስኒ ባዶዋን ነች። እትዬ ቺዩላን የቅጠሉን ስኒ አነሱ።

ዓይኔ መድፊያው ሳህን ላይ ቀረ። ከገለበጡት አለቀ፤ ትልቅ ክብር ያላት እንግዳ ነኝ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ የማታውን አውቶብስ እይዛለሁ። ዱንሊም ሳህኑን ያያል። እጃቸው ከሳህኑ በላይ ትንሽ ቆየ። ወይ ለእኔ ረጅም መስሎኝ ይሆናል።

ማንቆርቆሪያውን አነሱ። በአሮጌው ቅጠል ላይ ውሃ ጨመሩና ስኒዬን ሞሉት።

"ሰፌድ በአንድ ጎኑ አይያዝም!" አሉኝ። "ማነው ያስተማረሽ? ግማሹን ቅጠል ደጅ አፍስሰሽዋል። ነገ ሱቅሽን ዘግተሽ ነይ፣ አሳይሻለሁ። ጠጪው፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ዘጠነኛው ውሃ ነበር። የእኛ ሻይ ደግሞ፣ እንደነገርኳችሁ፣ በሰባተኛው ያልቃል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ የፈላ ውሃ ነው። ሻይ ስመዝንና ስተምን ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ያችን ስኒ ግን ስንት እንደምታወጣ ዛሬም አላውቅም። እስከ ጠብታዋ ጠጣኋትና ስኒዬን መልሼ ዘረጋሁ።